ስለ ደነዘ ምሳር



በመጽሐፈ መክብብ 10፥10 ጠቢቡ የአንድ ምሳር ነገር ያነሣል። ስለቱ ደንዞ ሳለ ባለቤቱ ካልሞረደው በከንቱ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ጥበብ ግን ሥራውን ታቃናለታለች። ይህን ቃል በስብከታችን ብዙ ጊዜ ለነፍስ ብቻ ስንተረጉመው ኖረናል፤ ጸሎቷን ያቋረጠች ነፍስ ትደነዝዛለች እንላለን። ትርጓሜው መልካም ነው። ሆኖም ጠቢቡ በመጀመሪያ የተናገረው ስለ ብረትና ስለ እንጨት፣ እንጀራውንም በእጁ ሥራ ስለሚበላ ሰው ስለሆነ፣ ዛሬ ከዚያው ሳንርቅ እንቆይ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ደራ ተወልዶ ያደገ፣ ትምህርቱን አዳማ ጨርሶ በአንድ ትልቅ ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል የሚሠራ ወንድም ሊያማክረኝ መጣ። ጉዳዩ የንስሐ አልነበረም፤ ስሙ እስካልተጠቀሰ ድረስም እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። በሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ፓስዎርድ የጠፋበትን ይረዳል፣ የማይታተመውን ማተሚያ ያያል፣ ማታ ማታ የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል፣ ከውጭ የተገዛው ሲስተም ሲቆም ወደ ሻጩ ይደውላል። «አባ፣ ደመወዜ አድጓል፤ እጄ ግን እዚያው ቀርቷል» አለኝ። አዲስ የተመረቁት ልጆች ስለ ክላውድና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያወሩ የገባው መስሎ አብሮ ይስቃል። ስለዚህ ደንግጦ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት እያመሸ ማጥናት ጀመረ። የቤተሰብ ጸሎት ቀረ፤ የቅዳሜው የሕፃናት ትምህርተ ክርስቶስም ቀረ። ጥያቄው ይህ ነበር፦ «የማደርገው ስግብግብነት ነው ወይስ ግዴታ?»

ግዴታ ነው አልሁት። ምክንያቱን ግን ከደመወዙ አልጀመርሁም።

1ኛ ሳሙኤል 13፥19-21ን አነበብንለት። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ሁሉ ቀጥቃጭ አልነበረም። ማረሻውን ወይም ምሳሩን ማሳል የፈለገ እስራኤላዊ ወደ ፍልስጥኤማውያን መውረድና ዋጋ መክፈል ነበረበት። እርሻው የራሱ ነው፤ ማረሻውም የራሱ ነው፤ ስለቱ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። የደራ ገበሬ ይህን ለማስተዋል ሰባኪ አያስፈልገውም። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ማረሻውን ወደ ቀጥቃጩ ይወስዳል፤ ብረቱ በእሳት ግሎ ይቀጠቀጣል፤ ጫፉ ይወጣለታል። ይህንም በሕይወቱ አንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ያደርገዋል። (ይህን የሚያደርግለትን ቀጥቃጭ ግን ባህላችን ለረጅም ዘመን ሲንቀው መኖሩን ሳልጠቅስ አላልፍም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 እንደነዚህ ያሉ የእጅ ባለሙያዎች የዓለምን መሠረት ደግፈው የያዙ መሆናቸውን ያስተምራል።)

በመሥሪያ ቤቶቻችን የምናየው ከእስራኤል ሁኔታ ይለያልን? ሲስተሙ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ሲበላሽ ወደ ሻጩ ይደወላል፤ በዚያ አገር ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ ይጠበቃል። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል ተሰልፎ ያልሰማ ከመካከላችን ማን ነው? ልጇ ከዓረብ አገር የላከችላትን ገንዘብ ልታወጣ በማለዳ ከገጠር ተነሥታ አዳማ የደረሰች እናት ይህን ቃል ሰምታ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የመጓጓዣውን ሒሳብ የምትከፍለው እርሷ ናት። የባለሙያው ድንዛዜ ዋጋ በባለሙያው ላይ ብቻ አይወድቅም። ስለዚህ የሙያን ስለት መጠበቅ ከባልንጀራ ፍቅር የሚቆጠር ሥራ ነው።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን ወደ ራሳችን ቁምስና ጽሕፈት ቤት እንመልከት። በኮምፒዩተር አማርኛ መጻፍ በጀመርንበት ዘመን ብዙዎቻችን በፓወር ግዕዝ ጻፍን። የዚያን ጊዜው ፊደላችን በላቲን ፊደላት ቦታ የተቀመጠ ስለነበር፣ የተጻፈው ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ፊደላችንን ይዞ መጣ። የተማሩትን ያልተዉ ጸሐፊዎች መዝገባቸውን አሻገሩ። ሌሎቻችን ግን «በለመድነው ይበቃናል» ብለን ቀረን፤ እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ የአንዳንድ ቁምስናዎች የጥምቀት ዝርዝር በዲስክ ላይ ይገኛል፤ ሊያነበው የሚችል ግን ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉ አያረጅም። ወንድማችን አንድን ሲስተም ለማዘዝ የሚጫነው ቁልፍ ያረጃል፤ የመሣሪያው የአገልግሎት ዘመንም ያልቃል፤ ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አቁሟል። መረጃ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድበት መንገድ፣ ዳታቤዝ የሚዋቀርበት ሥርዓት፣ ከሁሉ በላይ ብልሽትን ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ ተከትሎ የመድረስ ትዕግሥት ግን ብዙ ዘመን ያገለግላሉ። በማቴዎስ 13፥52 ጌታችን ከመዝገቡ አዲሱንና አሮጌውን የሚያወጣውን ባለቤት ማመስገኑን አስታወስሁት። አሮጌውን የጣለውን ወይም በአዲሱ የተሳለቀውን አላመሰገነም።

መማሪያው ጠፍቶም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው ትምህርት ቤት ዛሬ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር «የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናን በነጻ ጀምሯል። የምስክር ወረቀት መሰብሰብ ብቻውን ግን አያስደስተኝም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ማረሻ አያርስም።

አሁን ወደ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ልመለስ። ወንድማችን የሚያጠናው ከፍርሃት የተነሣ ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ ይበቃል የሚል ቃል አያውቅም። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት መልእክት፣ ቴክኒክ የሰው ረዳት ቢሆንም ሰውን የመሣሪያው አገልጋይ ሲያደርገው ጠላቱ ወደ መሆን እንደሚጠጋ አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ስማቸውን ሲመርጡ፣ በኢንዱስትሪው ዘመን ለሠራተኛው የተናገሩትን ሊዮ 13ኛን አስበው፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ፈተናም ጠቅሰው ነበር። ጌታ ከሰጠን ቀናት አንዱን ለዕረፍት የለየው፣ ሰው ከሥራው ይበልጣልና ነው። የእሑድን ዕረፍትና የልጆችን ጸሎት አርዶ ሙያን መሳል፣ ምሳሩን በባለቤቱ አጥንት ላይ እንደ መሞረድ ነው አልሁት።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛው እንዲማር ከሥራ ሰዓት ላይ ጊዜ የማይሰጥ፣ ኋላም «አርጅቷል» ብሎ የሚያሰናብት አሠሪ በፍትሕ ላይ ይበድላል። እርሱ ያላወቀው አዲስ ነገር እንዳይገባ በሥልጣኑ በር የሚዘጋ የክፍል ኃላፊም እንዲሁ። «ያለ እኔ አይከፈትም» ለመባል የሚያውቀውን ከባልደረባው የሚደብቅ ባለሙያ ደግሞ ባስልኤልን ያስብ፤ በዘፀአት 35፥34 እግዚአብሔር ለዚያ ባለሙያ ጥበብን ሲሰጠው ሌሎችን የማስተማር ልብንም ጨምሮ ሰጥቶታል።

ወንድማችን አሁን ከቤተሰብ ጸሎት በኋላ በሳምንት አራት ማታ አንድ አንድ ሰዓት ያጠናል፤ እሑድን አይነካም። ቅዳሜ ወደ ሕፃናቱ ተመልሷል፤ ከትምህርቱ በኋላም ሁለት ወጣቶችን ይዞ የቁምስናችንን የጥምቀት መዝገብ ከፓወር ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ ያሻግራል። የ1991 እና የ1992 ዓ.ም. አልቋል፤ የ1993ቱ ግን አንድ ፍሎፒ ዲስክ አልከፍት ብሎ እስካሁን ያስቸግራቸዋል።