ስሙን ሰውሮ የሚሳደብ ሰው

ቅድስት ኦሪት በዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 መስማት የተሳነውን ሰው መርገም ትከለክላለች። የተረገመው ካልሰማ ጉዳቱ ምን ላይ ነው? ራምባም በመጽሐፈ ትእዛዛቱ እንዳስረዳው፣ ክልከላው ስለ ተራጋሚው ነፍስም ጭምር ነው፤ ነፍስ ቂምንና ቁጣን እንዳትለምድ።

በአገር ቤት ሰው ሰውን ቢሰድብ ሽማግሌዎች ጠርተው ይገሥጹት ነበር። ዛሬ በስልክ፣ በሐሰት ስም፣ የማያውቀውን ሰው የሚያዋርድ አለ፤ እርሱን ማን ይጠራዋል? ያው ቁጥር ግን ፈሪሃ እግዚአብሔርን በማዘዝ ይፈጸማል፤ ከሰው የተሰወረ ከእርሱ አይሰወርምና።

ለመሆኑ ምን ያተርፋል? በታልሙድ እንደሚነገረው፣ አንበሳና ተኩላ ሊበሉ ሲገድሉ እርሱ ነድፎ ምን እንደሚያገኝ አራዊት እባብን ይጠይቁታል፤ እባቡም ወደ ባለ ምላሱ ሰው ያመለክታቸዋል። የካናዳ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት ይህ ልማድ በሌላው ሥቃይ ከመደሰት ጋር እንደሚዛመድ አሳይተዋል። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ማንኛውም ሰው ሆዱ በከፋው ሰዓት፣ ሌሎች ሲሳደቡ ካየ፣ ሊከተላቸው እንደሚችል ገልጿል፤ ይህ እኛንም ይመለከታል።

እንግዲህ የዚህ ሰው እንጀራ የእናንተ ንዴት ነው። መልስ አትስጡት፤ ስድቡንም ለሌላ አታስተላልፉ። ልጃችሁ የተዋረደ እንደ ሆነ ግን ዝም ማለት አይገባም፤ ጽሑፉን ሳታጠፉ አስቀምጡና፣ በእስራኤል ልጆችን በኢንተርኔት ከሚደርስ ጥቃት ለመጠበቅ ወደ ተቋቋመው የ105 ስልክ ደውሉ።