የብርሃን ጠመንጃና የተመቺው ምስክርነት

በጨዋታ ውስጥ የሞተ ሰው መሞቱን ማን ይመስክርበት? ይህን ጥያቄ ያነሣሁት ለመራቀቅ ብዬ አይደለም፤ አንድ ቀን በጨዋታ ሜዳ ላይ ስለ ዋሸሁ ነው።

በአሜሪካና በኤውሮፓ ላርፕ የሚሉት ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ አንድ ታሪክ ያወጡና እያንዳንዱ በታሪኩ ውስጥ ያለውን ሰው ሆኖ፤ ልብሱን ለብሶ፤ በስሙ እየተጠራ፤ ባንድ ዱር ወይም ባንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ይውላል፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን ይሰነብታል። ታሪኩ የጥንት ዘመን ታሪክ ከሆነ ሰይፉ በስፖንጅ የተሠራ ነውና ያረፈበት ሰው በገላው ያውቀዋል። የዛሬ ወይም የሚመጣው ዘመን ታሪክ የሆነ እንደ ሆነ ግን ጠመንጃ ያስፈልጋል። እውነተኛ ጥይት የማይታሰብ ነው። በአፍ «ጧ!» ብሎ መተኰስም ወዲያው ጠብ ያመጣል። «መታሁህ!» «ሳትከኝ!» ሌባና ፖሊስ ተጫውቶ ያደገ ሁሉ ይህን ክርክር ያውቀዋል።

ለዚህ ክርክር የኤሌክትሮኒክ ዳኛ ተፈለገለት። በጠመንጃው አፈ ሙዝ ውስጥ ኢንፍራሬድ የሚባለውን፤ የሰው ዐይን የማያየውን ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ መብራት ትቀመጣለች፤ ከፊቷ ያለው ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ቀጥ ያለ ጨረር ያደርገዋል። ቃታው ሲሳብ መብራቷ በሴኮንድ በብዙ ሺሕ ጊዜ እየበራችና እየጠፋች ቍጥር ትልካለች፤ ቍጥሩም ተኳሹ ማን እንደ ሆነና ጥይቱ ምን ያህል እንደሚጐዳ ይናገራል። ቴሌቪዥን ከሩቅ የምንከፍትበት ሪሞት የሚሠራው በዚሁ ዐይነት ነው። ተመቺው በራሱና በደረቱ ላይ ያሰረው ተቀባይ ቍጥሩን ያነብና ይጮኻል፤ ጠመንጃውም ከዚያ ወዲያ አይተኵስም።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊትም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ዠምሮ ማይልስ በሚባል መሣሪያ ወታደሮቹን በጨረር ያለማምድ ነበር። በዚያ መሣሪያ የተመታው ወታደር የሚጮኸውን ድምፅ ዝም ለማሰኘት ከገዛ ጠመንጃው ላይ ቍልፍ ነቅሎ በትጥቁ ላይ ካለው ቀዳዳ ማግባት ነበረበት፤ ቍልፉ ሲነቀል ደግሞ ጠመንጃው አይሠራም። ጩኸቱን ለማስቆም ራሱን ትጥቅ ያስፈታል ማለት ነው። ይህን ያሰበ መሐንዲስ የሰውን ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ ነው እላለሁ።

በ1984 ጆርጅ ካርተር የተባለ ሰው በዳላስ ከተማ ፎቶን የተባለውን የጨረር መጫወቻ ቤት ከፈተ። በ1986 መጫወቻው ለየቤቱ መሸጥ ዠመረ። በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር በካሊፎርኒያ አንድ የ19 ዓመት ወጣት በሌሊት ከጓደኞቹ ጋር በትምህርት ቤት ግቢ ይህንኑ ሲጫወት፤ የታጠቁ ሰዎች አሉ ተብሎ የተጠራ ፖሊስ መጫወቻውን እውነተኛ መሣሪያ መስሎት ተኵሶ ገደለው። በ1988 የአሜሪካ ሕግ የመጫወቻ ጠመንጃ ሁሉ በጫፉ ብርቱካንማ ምልክት ይኑረው ብሎ ደነገገ። ምልክቱ ቀለም ነውና በጨለማ እምብዛም አይታይም፤ ጨዋታው እውነት እንዲመስል የሚወድ ሰውም ይፍቀዋል። መጫወቻን በሜዳ ካልተሰለፈ ሰው ፊት ማውጣት የማይገባ መሆኑ ብዙ ክርክር አያሻውም፤ መንገደኛው በታሪካችን ውስጥ ልግባ ብሎ አልተስማማም።

የሚያከራክረኝ ሌላው ነገር ነው። ከማሽኑ በፊት በነበረው ጨዋታ የተመታው ሰው ራሱ «ተመትቻለሁ» ብሎ ይወድቅ ነበር። በጉግስ እንኳ ይህን ያህል እምነት አያስፈልግም፤ ጋሻ ያልመከተው ዘንግ ጀርባ ያሳምማል፤ ዙሪያውን የቆመውም ሕዝብ ያያል። በሐሳብ ጥይት ሲሆን ግን ከተመቺው ልብ በቀር ምስክር የለም። አንዳንዶች ማሽኑ ይህን የክብር ልማድ አጠፋው ብለው ያዝናሉ። እኔም በመዠመሪያ ከነሱ ጋር ነበርሁ፤ ነገር ግን የልጅነት ሰፈሬን ሳስታውስ አፌን ያዝሁ። በዚያ ጕልበተኛው ልጅ ከቶ ሞቶ አያውቅም ነበር። ዘወትር የሚሞተው ዐይን አፋሩ ነበር። ማሽኑ ጕልበተኛውንም ዐይን አፋሩንም እኩል ያያቸዋል፤ ይህ ትንሽ ፍርድ አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባንድ የአሜሪካ ከተማ አጠገብ በዱር ስንጫወት አንድ የቅርብ ወዳጄ በተቃራኒው ወገን ሆኖ ከዛፍ ኋላ ብቅ ሲል አየሁት። የደረቴን ተቀባይ በክንዴ ሸፈንሁና ራሴን ወደ ግንዱ አዞርሁ። ብርሃኑ ክንድን አያልፍም። ቃታውን ሲስብ ሰማሁ፤ ካሥር ርምጃ ያልበለጠ ነበርና ሊስተኝ አይችልም። ትጥቄ ግን አልጮኸም። ዞሬ ተኰስሁበት፤ የሱ ጮኸ። አየኝና «መታሁህ እኮ» አለኝ፤ እኔም «ማሽኑ ምን አለ?» አልሁት። ዝም ብሎ ሄደ።

እነሆ በዚያች ቃል ውስጥ ያለውን ነገር ልብ በሉ። አልተመታሁም አላልሁም፤ እንደዚያ ብል ውሸት መሆኑን ዐውቅ ነበር። ማሽኑ እንዲዋሽልኝ አደረግሁና ከኋላው ቆምሁ። የቀድሞው ልጅ «ሳትከኝ» ሲል ቢያንስ ፊቱ ይቀላ ነበር፤ የኔ ፊት አልቀላም፤ ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ማሽኑ የሚያውቀው ብርሃን በመስታወቱ ላይ ማረፉንና አለማረፉን ብቻ ነው። በኔና በወዳጄ መካከል የሆነውን አያውቅም፤ አውቃለሁም አላለም። ያላለውን ያስባልሁት እኔ ነኝ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ነገርሁት። «ክንድህን አይቼዋለሁ» አለና ሻይ ቀዳልኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ጨዋታ ቀትር ላይ፤ ፀሐይ በበረታበት ሰዓት፤ አንዲት የማላውቃት ልጅ ከገደሉ ላይ ዐልማ ተኰሰችብኝ። ብርቱ ፀሐይ ተቀባዩን ስለሚያደነዝዘው ትጥቄ ዝም አለ። ጠመንጃዬን መሬት አስቀምጬ ከዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ልጅቱ ወርዳ መጣችና ትጥቄን አገላብጣ አይታ፤ «ዕቃዎ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ እንዲጠግኑልዎ ይውሰዱት» አለችኝ።