የማስጠንቀቂያ ወር

አማርኛችን ለሁለት የማይገናኙ ወረቀቶች አንድ ስም ሰጥቷል። ሥራ የሚያረፍድ ሰው ከአለቃው የሚደርሰው ደብዳቤ «ማስጠንቀቂያ» ነው። ሠራተኛው «ልለቅ ነው» ብሎ የሚያስገባውም «ማስጠንቀቂያ» ነው። የፊተኛው ተግሣጽ፣ የኋለኛው ስንብት። ችግሩ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ስንብቱንም እንደ ዛቻ ማንበባቸው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ቀኑን ቆጥሮ አስቀምጧል። ያ ወር እንዴት እንደሚኖር ግን ለእኛ ትቶታል።

እዚህ ለቡ መብራት ኃይል፣ የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች የጎረቤቴ ልጅ ይህንኑ ወር እየቆጠረች ነው። ደብዳቤዋን ባስገባች ማግስት ለቡና የሚጠራት ጠፋ። አለቃዋ ስብሰባ ላይ ስም ሳይጠራ ስለ «ወጪት ሰባሪ» ተናገረ፤ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ጎኗ የምትቀመጠው ባልደረባዋ ደግሞ የተገኘውን ስህተት ሁሉ ከወዲሁ በእሷ ታላክካለች። «ጋሼ፣ ከነገ ጀምሮ ብቀርስ?» አለችኝ።

ሕጉ መልስ አለው። ሳያስጠነቅቅ የሄደ ሠራተኛ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሯን የሚነካ ድርጊት ቢፈጽምባት ግን ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ መብቷ ነው። የባልደረባ ኩርፊያ ግን አዋጁ ውስጥ የለም።

ሰው ለምን ያኮርፋል? የሚለቅ ሰው አፉን ሳይከፍት «እኔ ሄድኩ፤ አንተስ ለምን ቀረህ?» ብሎ ይጠይቃልና ነው። ጥያቄው ያማል። ለቃቂውም ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። አርፍዶ ይገባል፤ አዲሱን ደመወዙን ከፍ ባለ ድምፅ ያወራል፤ ርክክቡን ያድበሰብሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ርክክብ ነው። ልጅቷ መሳቢያ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ያላለቀለት የአንድ ዘበኛ ወረቀት አለ። ተናዳ ሳታስረክበው ብትወጣ ማን ይጎዳል? አለቃዋ? ያኮረፈችው ባልደረባዋ? ዘበኛው ነው! እሱ ከማንም አልተጣላም። የእኛ ኩርፊያ ዋጋው ከእሱ ኪስ መውጣት የለበትም። ስለዚህ ርክክብ ለሚወዱን የምናደርገው ውለታ አይደለም፤ ጠባችንን ለማያውቅ ሰው ያለብን ዕዳ ነው።

እንዲህ ስል ዝም ብላ ትረገጥ ማለቴ አይደለም። ያስረከበችውን በዝርዝር ትጻፍ፣ ታስፈርም፣ ቅጂውን ትያዝ፤ ያኔ የነገ ማላከክ መልስ ያገኛል። የሥራ ልምድ ማስረጃዋንም አንገቷን ሳትደፋ ትጠይቅ፤ መስጠት የአሠሪው ግዴታ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ለመሆኑ በእርስዎስ ቢሮ ወር የቀረው ሰው አለ? ነገ ቡና ሲቀርብ ይጥሩት።