የማሪብ ግድብና የሰበእ ሰዎች

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ የአላህ ባሮች ሆይ! ቁርኣን ካለፉት ሕዝቦች የዓድን፥ የሰሙድን፥ የመድየንንና የሰበእን ነገር ያወሳልናል። ዓድ በነፋስ፥ ሰሙድ በጩኸት ጠፉ። የመድየን ሰዎች ሚዛን አጉዳዮች ነበሩና ነገራቸው ለነጋዴ ግልጽ ነው። የሰበእ ግን ረቀቅ ያለ ነውና ጥቂት እንቆይበት።

ሰበእ በየመን፥ በማሪብ ከተማ ዙሪያ የነበረ መንግሥት ነው። ሀብቱ ከሁለት ነገር ይመነጭ ነበር፤ አንደኛው እጣንና ከርቤ ጭኖ እስከ ሻም የሚዘልቀው የሲራራ ንግድ፥ ሁለተኛው 600 ሜትር ያህል ርዝመት የነበረው ግድብ ነው። ግድቡ የዝናሙን ጎርፍ ገትቶ በቀኝና በግራ ላሉት የአትክልት ቦታዎች ያከፋፍል ነበር። እየተጠገነ ከ1000 ዓመት በላይ አገልግሏል።

ታዲያ ምን አጠፋቸው? የታሪክ መርማሪዎች ብዙ ምክንያት ያቀርባሉ። የሮም መርከቦች በቀይ ባሕር ሲመላለሱ የግመሉ መንገድ ገቢው ቀነሰ፤ የነገሥታቱም ጦርነት አላባራ አለ። በዚያው የንግድ መንገድ የበለጸገችው ፔትራም ገበያዋ ከደከመ በኋላ በ363 የምድር መናወጥ መታት። የማሪብ ሰዎች ጠላት ግን በየዓመቱ ከጎርፉ ጋር የሚገባው ደለል ነበር። ደለሉ በተከመረ ቁጥር ግድቡን ከፍ ማድረግ ግድ ይላቸው ነበር።

የዐሪም ጎርፍ የአላህ ቅጣት መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ጎርፉ ድንገት ቢመጣም ደለሉ ድንገት አልመጣም። የሰበእ ሰዎች የተጠየቁት ሲሳያቸውን በልተው እንዲያመሰግኑ ነበር። ምስጋናም በምላስ ብቻ አይፈጸምም፤ ጸጋን መጠበቅ ነው። ለግድብ ምስጋናው ደለሉን መጥረግ ነው። ለሱቅ ደግሞ ዘካን በጊዜው ማውጣትና የሸሪክን ድርሻ ሳያድበሰብሱ በመዝገብ መጻፍ ነው። በዓመቱ ያልተጣራ ሒሳብ በዐሥረኛው ዓመት ወንድምን ከወንድም ያካስሳል።

በ548 ግድም የተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ እንደሚመሰክረው፥ ግድቡ ተሰብሮ ያሳደሰው ከሐበሻ ወገን የሆነው ገዢ አብረሃ ነበር። (እኛ በዝሆኑ እንጂ በግድብ ጠጋኝነቱ አናውቀውም።) በሥራው መካከል ቸነፈር ገብቶ ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ ኋላም መልሶ ጠርቶ ለቀለባቸው የወጣውን ዱቄት፥ ሥጋና ተምር አስቆጥሮ አስጻፈ። ያ ሁሉ ወጪ ግድቡን ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በላይ አላቆየውም።

ሕዝቡም ተበተነ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፥ ከዚያ በፊት በደረሰ ስብራት ከማሪብ ከተሰደዱት ወገኖች አውስና ኸዝረጅ የሚባሉት በየስሪብ ሰፈሩ። በ622 ለመልእክተኛው በራቸውን የከፈቱት አንሷሮች የእነዚያ ስደተኞች ልጆች ናቸው።