ሮኬትና የእህል ጆንያ በክንፍ ሥር

ለተራበ ሰው እህል ያደረሰ እጅ፣ ያው እጅ ሰው የገደለ እንደ ሆነ ምን እንለዋለን? ጥያቄው ለእኛ ለቆቦ ልጆች የወረቀት ላይ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ክረምት ገብቶ ጎሊናና ሆርማት ሲሞሉ ማዶ ያለው መንደር ደሴት ይሆናል። እህሉ በደሴው መንገድ መኪና ላይ ተጭኖ ሳለ ሰው ከወንዙ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል።

የስዊድኑ ተወላጅ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን እንዲህ ወዳለው ሥፍራ በአውሮፕላን የሚደርሱ ሰው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን ለቀይ መስቀል ቁስለኛና መድኃኒት ያመላልሱ ነበር። ከአላማጣ ዳገቱን ወጥተን በምናገኘው በኮረም፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር፣ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መሬት ላይ ቆሞ ሳለ በጣልያን ቦምብ ነደደ። ከሰማይ የሚወርድ ሞት ምን እንደሚመስል ካውንቱ የተማሩት እንግዲህ በእኛው አገር ነው። ከድል በኋላም ተመልሰው በቢሾፍቱ አየር ኃይላችንን ሲያደራጁ እስከ 1948 ዓ.ም. ቆዩ።

በ1960 ዓ.ም. ነሐሴ በናይጄሪያ የቢያፍራ ሕዝብ በጦርነት ተከብቦ ሲራብ፣ ከዛፍ ጫፍ ብዙ ሳይርቁ እየበረሩ ምግብና መድኃኒት አስገቡ። ዓመት ሳይሞላ ግን፣ በግንቦት 1961 ዓ.ም.፣ ኤም ኤፍ አይ-9 በሚባሉ 5 ትንንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር ሮኬት አሰቅለው የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች መቱ። ምክንያት አልጠፋቸውም። ሕዝቡን የሚደበድቡት አውሮፕላኖች መሬት ላይ ሳሉ ካልተሰበሩ እህሉም ሕፃናቱም አይድኑም የሚል ነበር።

ቀላል ምክንያት አይደለም፤ ረኀብን በምናውቅ በእኛ ዘንድማ ይልቁን ይከብዳል። አንዳንዱ ወንድማችን «ያን ሁሉ ነፍስ ያዳነ ሰው ይህ አይቈጠርበትም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያ እጅ ከተኮሰ ወዲያ እንጀራውም ረክሷል» ይላል። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። በአገራችን ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁ አይተናል። ገዳዩ በክፉ ዘመን ጎረቤቱን ያበላ ለጋስ ቢሆን እንኳ፣ ሽማግሌው ደሙን በእንጀራው አያቻችልለትም፤ ካሳውን ለብቻው ይጠይቀዋል። እንጀራውን የበላውንም «ትፋው» የሚል የለም። በዚያ አየር ማረፊያ የነበረውም ዘበኛ እናት ነበረችው። ካውንቱ ይህን ከማንም ይልቅ ማወቅ ነበረባቸው፤ ኮረምን ያወቀ ሰው አላየሁም ሊል አይችልምና።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ረኀብ በወረደብን ጊዜ እንደ ገና መጡ። መኪና ወደማይደርስበት ተራራ የሚበርሩት ኤም ኤፍ አይ-15 የተባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ነበሩ፤ በቢያፍራ የተዋጉት ታናሽ ወንድሞች ማለት ነው። ሮኬት በተሰቀለበት በክንፉ ሥር አሁን የእህል ጆንያ ተሰቀለ። ዝቅ ብለው ይጥሉታል፣ ሰውም ሮጦ ያነሣዋል። ጆንያውን ያነሣች እናት የአብራሪውን ታሪክ አልጠየቀችም። ልትጠይቅም አይገባም ነበር፤ መጠየቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነውና ለእኛ ቀርቶልናል።

በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት ሲነሣ ካውንቱ በእርዳታ ሥራ ላይ በኦጋዴን ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን፣ በ67 ዓመታቸው፣ በጎዴ በደረሰ ጥቃት ሲገደሉ በአየር ላይ አልነበሩም፤ መሬት ላይ ነበሩ።