ከንፈር መጠጣና ፍቅር

የጉሮሮ ቁስለት ተንቆ ሲታለፍ አንዳንዴ ሰንብቶ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። በአገራችን ይህ ሕመም ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን ይዟል። አብሮ አደጌ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል። ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል።

17 ሲሞላው አንዲት ልጅ ወደደችው። እሱም ወዷታል፤ ግን ምክንያቱን እንኳ ሳይነግራት ሸሻት። «ነገ ብሞትስ? ለምን ላስለቅሳት? ለእሷ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ምርጫዋን ነው የነጠቃት። አንባቢ ሆይ፣ ሌላውን ከኀዘን እናድናለን ብለን በእሱ ፈንታ የመወሰን መብት ማን ሰጠን? ጤነኛውስ ቢሆን ለነገ ዋስ አለው ወይ?

ውሎ አድሮ ወሬው ጆሮዋ ደረሰ። በመርፌው ቀን ከጤና ጣቢያው በር ቆማ ጠበቀችው። መርፌው ያማል፤ እያነከሰ ወጣ።

«ከንፈሬን ልመጥልህ አልመጣሁም፤ ይልቅ ተደገፈኝ» አለችው።

ተደገፋት።

እንግዲህ እኔ እንደሚመስለኝ የታማሚው ግዴታ እውነቱን መናገር ነው። ልቆይ ወይስ ልሂድ የሚለው ውሳኔ ግን የወዳጁ ነው።