ሰው ወደ ሰው ስለ ምን ይሳባል?

ከጎባ ወጥቶ ወደ ሳነቴ አምባ የደረሰ መንገደኛ አንድ ነገር ይመለከታል። ትልቁ የባሌ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ ሣር ሲሰበስብ አንዲት ትንሽ ወፍ ከአጠገቡ አትርቅም። እርሱ ከገለበጠው አፈር ነፍሳትን ትለቅማለች፤ ቀይ ቀበሮ ሲመጣ ስትጮኽ ደግሞ ፍልፈሉ ሰምቶ ይሸሸጋል። መቀራረባቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ያሰራቸው ጥቅም ነው።

የሰውስ እንዴት ነው? በሮቤ ገበያ ስንቱ ሲያልፍ ልባችን በአንዱ ላይ ብቻ የሚያርፈው ስለ ምን ይሆን? አርስጣጣሊስ ወዳጅነትን በጥቅም፣ በደስታና በበጎነት የቆመ ብሎ ከሦስት ከፈለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ተማሪዎች ይልቁን የሚወዳጁት ደጃፉ ከቀረባቸው ጋር መሆኑን አሳየ። እንግዲህ «ነፍሴ መረጠችው» የምንለውን ብዙ ጊዜ የመረጠልን ጉርብትና ነው።

ስለዚህ መሳብ ኃጢአት አይደለም፤ ጽድቅም አይደለም። የዮናታን ልብ ወደ ዳዊት ተሳበ፤ ነገር ግን የሚመሰገነው ስለ ተሳበ አይደለም። የአባቱን ዙፋን የሚወርሰው ዳዊት መሆኑን እያወቀ ቃል ኪዳኑን ስላላፈረሰ ነው እንጂ። ደጉ ሳምራዊም ወደ ቁስለኛው የቀረበው የሚስብ ነገር አግኝቶበት አልነበረም።

እኛም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታችንን ለማን እንደምንሰጥ እንመርምር። የሚመስለንንና የሚጠቅመንን ብቻ ከሆነ የምንፈልገው፣ ከሳነቴዋ ወፍ በምን እንበልጣለን?